ማዶ የተሻገረችው ድስት

በአንድ ወቅት፣ ደንገል በሞላበት ዘመን ሳይሆን ደንገል ባለቀበት ዘመን፣ በአንድ የወሎ ሐይቅ ዳር ሙሔ የሚባል አሻጋሪ ነበረ። ሰው አያ ሙሔ ይለዋል። ሥራው ከወዲህ ያለውን ሰው ማዶ፣ ከማዶ ያለውን ወዲህ ማድረስ ነው። ወዲህ እህል አለ፤ ማዶ ገበያ አለ። በእግር ለሚዞር መንገዱ አንድ ሙሉ ቀን ይበላል። በታንኳ ግን ጎሕ ሲቀድ የተነሳ ሰው ፀሐይ ሳትበረታ ይደርሳል።

አያ ሙሔ ወሬ አያበዛም። «ዛሬ ሐይቁ እንዴት ነው?» ቢሉት «ውኃ ነው» ብሎ ዝም የሚል ሰው ነው። አንዴ የተናገረውን ግን አይመልስም። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይባላል። እሱ አፋፉን ስለሚፈራ ይሁን ወይም ስለሚያከብር፣ ከአፉ የሚያወጣው በቁጥር ነበር። ስለዚህ የመንደሩ ሰው የሙሔን ቃል እንደ ድንበር ድንጋይ ያየዋል፤ ማንም አይነቀንቀውም።

የዚያ አገር ታንኳ የሚሠራው ውኃ ዳር ከሚበቅለው ረጅም ሣር፣ ከደንገል ነው። ደንገሉ ታጭዶ፣ ደርቆ፣ በነዶ በነዶ ታስሮ ውኃ ላይ ይጣላል። ዕድሜው አጭር ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ይበሰብሳል፣ ሌላ ይታሰራል። ድሮ ይህ አያሳስብም ነበር። ኋላ ግን እርሻው ወደ ውኃው እየገፋ መጣ፣ ከብቱም በላ፣ ሰዉም ለቤት ክዳን አጨደ፤ ዳርቻው ራሰ በራ ሆነ። የአያ ሙሔ የመጨረሻ ታንኳ የበሰበሰ ዕለት ሰዉ ጭነቱን በአህያ አድርጎ በዳር መዞር ጀመረ። አያ ሙሔም መቅዘፊያውን ግድግዳው ላይ ሰቅሎ ደጃፉ ላይ ተቀመጠ።

በጓሮው አንዲት ነገር ነበረች። ከዓመታት በፊት ዓሣ የሚቆጥሩ ሰዎች ይዘዋት የመጧት የአሉሚኒየም ጀልባ ናት። አንድ ቀን ከድንጋይ ጋር ተጋጭታ ሆዷ ተቀደደ። ሰዎቹም ሲሄዱ «ዕቃችንን ለጠበቅክበት ትሁንህ» ብለው ተዉለት። በበሬ አስጎትቶ ጓሮው ደፋት። ከዚያ ወዲህ ዶሮዎች ሥሯ ሲያድሩ፣ ቀን ጀርባዋ ላይ ሲኩሱ አሥራ ስምንት ዓመት ሆናት። መንደሩ ስም አውጥቶላታል፤ ድስት ይላታል።

«ሙሔ፣» ይለዋል ጎረቤቱ ጎበዜ ባለፈ ባገደመ ቁጥር፣ «ወጡን መቼ ነው የምትጥድባት?»

አያ ሙሔ ለዶሮዎቹ ጥሬ ይበትናል።

አንድ ቀን ግን ሦስቱን ልጆቹን ጠራ። ጎበዜም አጠገቡ ተቀምጦ ነበርና ሰማ። አያ ሙሔ እንዲህ አለ፦

«ዓይኔ ደክሟል። ከእንግዲህ እኔ አላሻግርም። ያቺን ድስት አንሳፍፎ እኔን ማዶ ያደረሰ፣ ድስቷ የሱ ናት። ማሻገሩም የሱ ነው።»

ይኸው ነው። ሌላ አልጨመረም።

ሦስቱም ድስቷን ይፈልጓታል። በኩሩ እንድሪስ ከተማ ሲኖር የከሰል ጭስ ደረቱን ይዞታል፤ አገሩ መመለስ ይሻል። መካከለኛዋ ዘምዘም ባሏ ፈቷት አንድ ሳጥን ይዛ ከመጣች ሁለተኛ ዓመቷ ነው፤ መሬት የላትም። ትንሹ ሸሪፍ ሚስት ሊያገባ ሽማግሌ ቢልክ የልጅቷ አባት «ደንገል ካለቀ በምን ያበላታል?» ብሎ መልሶበታል። አያ ሙሔ ይህን ሁሉ ያውቃል። አውቆም ነው ለአንዳቸው ሳያዳላ ለሦስቱም በአንድ አፍ የተናገረው።

እንድሪስ በከተማ የድስትና የባልዲ ጠጋኝ ነው። እሳት የበሳው፣ ከእጅ ወድቆ የተጣመመው ሁሉ እሱ ዘንድ ይሄዳል። የአባቱን ቃል በሰማ በሦስተኛው ቀን ሱቁን ቆልፎ፣ መዶሻና መቀሱን በጆንያ ይዞ መጣ። «ደንበኞቼ አርባ ቀን ይታገሡኛል» አለ። ደንበኛ አርባ ቀን እንደማይታገሥ እሱም ያውቃል።

ድስቷን ሲገለብጧት ዶሮዎቹ እንደተፈናቀለ መንደር ጮኹ። አንዲት ቄብ እንቁላሏ ላይ ተቀምጣ አልነሳም አለች፤ ሸሪፍ ከነጎጆዋ ተሸክሞ ወሰዳት። እንድሪስ ጎባጣውን በእንጨት መዶሻ አቃና። ቀዳዳዋ ጭንቅላት ታስገባለች። ለእሷ የሚሆን ጥጋን ከአንድ የሠርግ ድስት ቂጥ ቆረጠ፤ ችንካሩንም ከወፍራም የአሉሚኒየም ሽቦ እየከተፈ አዘጋጀ።

«ተራ ሚስማር ለምን አትመታባትም? ይኼን ሁሉ ከምትደክም» አለው ሸሪፍ።

«አሉሚኒየም የሚጋባው ከዘመዱ ጋር ነው። ብረት ካገባ ይበላዋል።»

«ጋሼ፣ ሽማግሌ ልከህ ጠይቀሃል ማለት ነው።»

«ሂድ ዓሣህን አጥምድ።»

አያ ሙሔ ደግሞ ውስጥ ገብቶ የወፍጮ መጅ የሚያህል ብረት ከችንካሩ በስተጀርባ ደግፎ ይይዛል፤ እንድሪስ ከውጭ ይቀጠቅጣል። «ይያዙ፣ አባ።» ጓ! «ይያዙ።» ጓ! የእያንዳንዱ ችንካር ምት በአባት መዳፍ ገብቶ በክርኑ ይወጣል። ከጥጋኑ ሥር ሬንጅ የጠጣ ጨርቅ ገባ። በጥጋኑ ዙሪያ አንድ ጣት እየራቀ፣ ከዚያም በየስፌቱ፣ ችንካር በችንካር ላይ ሆነ። አርባው ቀን ሲሞላ እንድሪስ መዶሻውን አስቀመጠ።

«እንግዲህ ጀልባ ናት» አለ።

አያ ሙሔ ያበጠ መዳፉን አየ። «ትሞከር» አለ። ለመሻገሪያ ቀን ተቆረጠ።

ዘምዘም ድስቷን ዞራ አየቻት። ከአንገቷ በላይ ጠቁራለች፣ ከሆዷ በታች አሮጌ ቀለም እንደ ቅርፊት ተንጠልጥሎባታል፣ የዶሮ ኩስ ደርቆባታል። «እንዲህ ሆና ሰው ፊት አትወጣም» አለች። ማንንም አልጠየቀችም። ድስቷ ተደፍታ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ነበርና የምድጃ አመድ በውኃ እንደ ሊጥ አብኩታ ጀርባዋን በሙሉ ለቀለቀቻት። በዚያ አገር ክፉኛ የጠቆረ ድስት የሚታጠበው እንዲህ ነው፤ አመድ ለብሶ አድሮ ጠዋት በቃጫ ይፈተጋል። እሷም ጠዋት ፈተገቻት። እጇ ተላጠ፤ ድስቷ ግን እንደ ብር አበራች። ሰው መጥቶ መልኩን አየባት። ጎበዜ ጢሙን አበጠረባት።

አያ ሙሔ ጥጋኑን በእጁ ሊዳብስ ከተደፋችው ድስት ሥር ገባ። ቀና ቢል በቀን ኮከብ አየ። እዚህ አንድ፣ እዚያ አንድ፣ ወደ መካከሉ ደግሞ ተሰብስበው፣ የመርፌ ቀዳዳ የሚያህሉ የብርሃን ነጥቦች። ከጥጋኑ አጠገብ አንድም የለም። ጥጋኑ ከሌለበት ግን ሰማዩ ሙሉ ነው። ለረጅም ጊዜ ሥሯ ተቀምጦ አያት። የዚያን ያህል የሚያስገርም ነገር በዕድሜው አላየም።

«ኑ፣ እዩ» አለ።

እንድሪስ ገብቶ ሲወጣ ፊቱ አመድ መስሏል።

«ምን አደረግሻት?»

«አጠብኳት።»

«አመድ እኮ አሉሚኒየም ይበላል! ሱቄ የሚመጣው ድስት ሁሉ የሚበሳው በእናንተ አመድ ነው!»

«ታዲያ እስከ ዛሬ ለማን ነገርክ? ብትናገር እንጀራህ ይቀርብሃላ!»

«የአርባ ቀን ሥራዬን በአንድ ሌሊት ወንፊት አደረግሽው!»

«ወንፊት ሆና ነው የቆየችህ። ኩሱ ሲበላት ኖሯል፤ ቀለሙ ነው ሸፍኖ የያዘላት። እኔ የገለጥኩት እንጂ የበሳሁት የለም።»

«አመዱ ነው!»

«ኩሱ ነው!»

አያ ሙሔ ቢላዋ አወጣ። አመድ ያልነካው ቦታ ፈልጎ ቀለሙ ላይ የቢላዋውን ጫፍ ቀስ አድርጎ ተጫነ። ገባ። ፈቀቅ ብሎ ሌላ ቦታ ተጫነ። አልገባም። ቢላዋውን ወደ ሰገባው መለሰ። ሁለቱም ፊቱን አዩ፤ ከፊቱ ምንም አላገኙም።

ከዚያ ዘምዘም መቀነቷን ጠበቅ አድርጋ አሰረች። «ገንቦ ገዝቼ ውኃ ሳልሞላበት ተጠቅሜ አላውቅም» አለች። ድስቷን አቃንተው ድንጋይ ላይ አስቀመጡላት። እሷ ከሐይቁ በጀሪካን እየቀዳች፣ ቀትር እስኪሆን እየተመላለሰች ሞላቻት። ከዚያ ሥሯ ገብታ፣ ድስቷ ባነባችበት ሁሉ በከሰል ምልክት አደረገች። ሠላሳ አንድ ሆነ። አሥራ ዘጠኙን እንድሪስ በትንንሽ ችንካር ደፈነ። አሥራ ሁለቱ ያሉበት ቦታ ግን እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ሳስቶ ነበር። እንድሪስ መዶሻውን አነሳ፣ መልሶ አስቀመጠ። «እዚህ ከነካኋት ትቀደዳለች» አለ። ዘምዘም ሰም አቅልጣ፣ ጥጥ ነክራ፣ አሥራ ሁለቱን በጣቷ ወተፈቻቸው።

ሸሪፍ እስከዚህ ድረስ ዳር ቆሞ ሲያላግጥ ነበር። «ቆርቆሮ ዋና አያውቅም» ይላል። እሱ ዓሣ አጥማጅ ነው፤ ደንገል ማሰርን ከአባቱ ተምሯል። በሐይቁ አንድ ጥግ የቀረችውን የመጨረሻዋን የደንገል ጥሻ ሦስት ዓመት ከከብት የጠበቃት እሱ ነው። ለራሱ አንድ ታንኳ ሊያስርባት፣ ያንን ታንኳ አሳይቶ ሚስቱን ሊያመጣ ነው።

ኮከቦቹን ካየ በኋላ ግን ማላገጡን ተወ። ድስቷ ውስጥ ገብቶ ከመቀመጫዎቹ ሥር ያለውን ባዶ ሣጥን በእጁ ለካ።

«አባ፣ እዚህ ውስጥ ምን ነበረበት?»

«ነጭ ነገር። እንደ አረፋ የቀለለ። አይጥ ጨረሰው።»

«ለምን አስገቡት?»

«አልጠየቅኳቸውም።»

«ያለ ነገርማ አይጭኑም» አለ ሸሪፍ። ጥቂት አሰበ። በማግሥቱ ማጭዱን ይዞ ሄዶ ያቺን የመጨረሻ ደንገል ሥሯ ድረስ አጨዳት። ሰባት ቀን አደረቃት። ነዶ አስሮ ከየመቀመጫው ሥር ጠቀጠቀው፣ በግራና በቀኝ ጎኗ ደረደረው፣ በገመድ ጠፈረው።

እንድሪስ ሲያይ ሳቀ። «ገለባ ልትጭንባት ነው? አህያ መሰለችህ?»

«አህያ ብትሆን ዋና ታውቅ ነበር» አለው ሸሪፍ። ከአመዱ ወዲህ ያልሳቀችው ዘምዘም ሳቀች።

ሐሙስ ቀን ወደ ውኃው ገፏት። እንድሪስ መቅዘፊያውን ያዘ። ሸሪፍ ከኋላ ሆኖ አቅጣጫ ይመራል። ዘምዘም ውኃ መጭለፊያ ቅል ይዛ ወለሏ ላይ ተቀመጠች። አያ ሙሔ መካከል ተቀምጦ ተረከዙን የእንድሪስ ጥጋን ላይ አሳረፈ።

«ሙሔ!» ብሎ ጮኸ ጎበዜ ከዳር። «ክዳኗን አልረሳችሁም?»

ድስቷ ሄደች። ማንም አላመነም፤ ግን ሄደች። ጠብ የምትል ውኃ የለም። እንድሪስ ማፏጨት ጀመረ። አያ ሙሔ ብቻ ሰማዩን ያያል። ውኃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤ እሱ ይህን ሲባል ሰምቶ ሳይሆን ሲሆን አይቶ ያውቀዋል።

መካከል ላይ ሲደርሱ ነፋሱ ቀደም ብሎ ተነሳ። ሞገዱ የድስቷን ሆድ ወዲያና ወዲህ ያጥፈው ጀመር። ሰሙ ይህን አልቻለም። አንዱ ውታፍ ዘሎ ወጣ። ዘምዘም በአውራ ጣቷ ያዘችው። ሌላው ወጣ። በሌላው እጇ ያዘችው።

«ያዥው!» አለ እንድሪስ።

«ያለኝ አሥር ጣት ነው፤ ቀዳዳው አሥራ ሁለት ነው!»

ጣቷን ነቅላ ቅሉን አነሳች። ትጨልፋለች፣ ትደፋለች፤ ትጨልፋለች፣ ትደፋለች። ውኃው ቁርጭምጭሚት ላይ ደረሰ፣ ከዚያ ጉልበት ላይ። እንድሪስ ወገቡ እስኪሰበር ቀዘፈ። ሸሪፍ አፍንጫዋን ከሞገዱ ፊት ለፊት አድርጎ ያዘ። አያ ሙሔ ከተረከዙ ሥር ጥጋኑ እንደ ልብ ሲመታ ይሰማዋል፤ ይመታል እንጂ አይከፈትም። ውኃው ከመቀመጫው ሲስተካከል አያ ሙሔ በልቡ ሸሀዳውን ያዘ።

ድስቷ ወረደች፣ ወረደች፣ ቆመች።

ጠርዟ ከሐይቁ ፊት አንድ ስንዝር ቀርቷል። ከዚያ በታች አልወርድም አለች። አያ ሙሔ መቀመጫው ከሥር እንደ በሬ ጀርባ ሲገፋው ተሰማው። ደንገሉ ነው። ዘምዘም መጭለፉን አላቆመችም። ቅሉ ባያወጣ ኖሮ ደንገሉ ብቻውን አራት ሰው ይችል ነበር ወይ? ይህን ያወቀ የለም፤ ሊሞክረው የፈለገም አልነበረም። እንድሪስ ቀዘፈ። ቀስ፣ ቀስ እያለች፣ እስከ ወገብ ውኃ ታቅፋ ድስቷ ማዶ ደረሰች። ማዶ የቆመው ሰው አያ ሙሔን ደግፎ ሲያወርደው ከቀሚሱ ላይ ውኃ እንደ ምንጭ ይወርድ ነበር።

በማግሥቱ ነፋስ ሳይነሳ ተመለሱ። ከዚያም ሦስቱም አብረው፣ የሳሳውን ሆዷን ሁለት ሰፋፊ ትሪ አለበሱት። ዛሬ ጠብ አትልም። በዚህ ክርክር የለም። ክርክሩ የመጣው ከዚህ ወዲያ ነው።

ደጃፍ ላይ ተሰበሰቡ። ጎበዜም ሳይጠራ መጣ።

መጀመሪያ እንድሪስ ተናገረ። «አባ፣ ቃልዎ ‹ያንሳፈፈ› የሚል ነው። ጭንቅላት የሚያስገባ ቀዳዳ ይዛ ትንሳፈፍ ነበር? ሱቄን ዘግቼ መጣሁ፤ ደንበኛዬን ሌላ ወሰደው። ሰሙ ሲዘል፣ ውኃው ሲገባ፣ እግርዎ ሥር የነበረው ጥጋን ጠብ ብሏል?»

«አላለም» አለ አያ ሙሔ።

ከዚያ ዘምዘም ተናገረች። «እኔ ባልነካት ጤነኛ መስላችሁ ገበያተኛ ሁሉ ትጭኑባት ነበር። ያን ሁሉ ነፍስ ይዛ መካከል ላይ ትከፈት ነበር። ቀዳዳውን የቆጠርኩት እኔ ነኝ። ሸሪፍ ደንገሉን ያጨደው ቀዳዳውን ካየ በኋላ አይደለም?»

«ነው» አለ አያ ሙሔ።

«ቤት ያቃጠለ ሰው ብርሃን አበራሁላችሁ ይበል እንግዲህ!» አለ እንድሪስ።

«ምስጥ የበላውን ምሰሶ ነካ ያደረገ ሰው ቤት አፈረሰ ይባላል እንዴ?» አለችው።

ከዚያ ሸሪፍ ተናገረ። «ድስቷ ሰመጠች። ሁላችሁም ውስጧ ነበራችሁ። ጥጋን የያዛትን ያህል ያዛት፤ ቅልም የጨለፈውን ጨለፈ፤ እሷ ግን ወረደች። የቆመችው ደንገሉ ጋ ስትደርስ ነው። አባን ማዶ ያደረሳቸው ታንኳ ነው፤ ድስቷ የታንኳው ልብስ ናት። አባ፣ ከሥር ገፍቶ አልያዝዎትም?»

«ይዞኛል» አለ አያ ሙሔ።

«ደንገልማ ድሮም ይንሳፈፋል» አለ እንድሪስ። «የአባ ቃል ስለ ድስቷ ነው። ድንጋይ ላይ ደንገል አስረህ ድንጋይ አንሳፈፍኩ ልትል ነው?»

«የከርሞው ክረምት ሲያበሰብሰውስ?» አለች ዘምዘም። «ደግሞ ከየት ታጭዳለህ?»

«ከየትም» አለ ሸሪፍ። «የመጨረሻውን ነው የሰጠኋት።»

ጎበዜ ከመቀመጫው ተነሳ።

«ቆራርጣችሁ ተካፈሏታ» አለ ጎበዜ። «አፍንጫዋን ለእንድሪስ፣ ሆዷን ለዘምዘም፣ ቂጧን ለሸሪፍ።» ማንም አልሳቀም። «በሉ እሺ፤ በጋራ ያዟት።»

ይህ እንደማይሆን ጎበዜም ያውቃል። በዚያ ሐይቅ አንዲት ጀልባ አንድ ባለቤት ነው ያላት። ነፋሱን አይቶ ሂዱ ወይም ቅሩ የሚለው እሱ ነው። ሰው የሰመጠ እንደሆነም ሽማግሌ ፊት ቀርቦ ለነፍሱ የሚጠየቀው እሱ ብቻ ነው። አንድ ጊዜ ሁለት ወንድማማቾች አንድ ታንኳ በጋራ ይዘው፣ አንዱ እንሂድ ሲል አንዱ እንመለስ ሲል፣ ሐይቁ ፈረደላቸው ይባላል። ሦስት ባለቤት ያላት ጀልባ፣ ሰው የሰመጠ ዕለት ባለቤት አይገኝላትም። ስለዚህ ባለቤቷ ያልታወቀ ጀልባ ላይ በዚያ አገር እግሩን የሚያነሳ የለም።

«ታዲያ ለራስህ አስቀራት፣ ሙሔ» አለ ጎበዜ በለሆሳስ።

«ከተናገርኩ በኋላ?» አለ አያ ሙሔ።

ያን ቀን አልፈረደም። በሚቀጥለውም ቀን አልፈረደም። ብቻውን ወደ ውኃው ወርዶ ድስቷ አጠገብ ይቀመጣል። ያን ዕለት ሐይቁ መካከል የያዘው ምን እንደነበር ሰውነቱን ይጠይቃል። ተረከዙን ሲጠይቀው እንድሪስ ይለዋል። ወገቡን ሲጠይቀው ሸሪፍ ይለዋል። ዓይኑን ሲጠይቀው ያ በቀን ያየው ኮከብ ይመጣበታል፤ ዓይኑ ዘምዘም ይለዋል። በአንድ ገላ ውስጥ ሦስት ምስክር፤ አንዱም ከሌላው አይስማማም። ሰው ዕድሜ ልኩን አብሮት የኖረ ገላው እንዲህ ሲጣላበት ምን ያደርጋል? ይገርመዋል። አንዳንዴ ብቻውን ፈገግ ይላል። መልሶ ደግሞ ፊቱ ይጠቁራል፤ አንዱን ሲሰጥ ከሁለቱ የሚወስደውን ያውቃልና።

በሌላው ሳምንት ቅዳሜ ማለዳ የገበያው ሰው ዳሩን ሞላው። እህል በጆንያ፣ በርበሬ በቋጠሮ፣ እግራቸው የታሰረ ዶሮዎች። ድስቷ ውኃው ላይ ሆና ቀስ ብላ ትወዛወዛለች። ማንም እግሩን አላነሳም። እንድሪስ አፍንጫዋ ዘንድ ቆሟል። ዘምዘም የተላጠ እጇን ነጠላዋ ሥር አድርጋለች። ሸሪፍ ራሰ በራ የሆነውን ዳርቻ ያያል። ሦስቱም አባታቸውን አያዩም።

«አያ ሙሔ፣» አለች ጭነቷን ያላወረደች አንዲት ሴትዮ፣ «ነፋሱ ሳይነሳ እስቲ በሉና። የማን ናት?»

አያ ሙሔ የድስቷን ገመድ ከችካሉ ፈታ። ገመዱን በእጁ ይዞ ወደ ሦስቱ ዞረ።

እንግዲህ እናንተ ዳር ቆማችሁ የሰማችሁ፤ አንዱ ቀዳዳዋን ዘጋ፣ አንዷ የተደበቀውን ቀዳዳ አወጣች፣ አንዱ ቀዳዳ እያላት እንዳትሰምጥ አደረገ። ገመዱ አንድ ነው፤ የሚጨብጠውም አንድ እጅ ነው። ድስቷን ያንሳፈፋት ማን ነው? አያ ሙሔ ገመዱን ለማን ይስጥ?